የሚረብሸው ልጅና የማይረብሸው ልጅ፦ የሕፃናትን የአእምሮ ጤና በሚለኩ መጠይቆች ላይ የቀረበ ሂስ

እ.ኤ.አ. በ1999 በአምቦ ወረዳ ስላሉ ሕፃናት ታትሞ የወጣ አንድ ጥናት፣ ከመቶ ልጆች መካከል 17.7 ያህሉ የጠባይ መታወክ እንደሚታይባቸው አስታወቀ። በ2001 የታተመው የቡታጅራ ጥናት ግን የአእምሮና የጠባይ መታወክ ያገኘው ከመቶ ልጆች በ3.5 ላይ ብቻ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ሁለቱም ሥፍራዎች ከአዲስ አበባ የግማሽ ቀን መንገድ የማይሞሉ፣ ገበሬው እህል የሚዘራባቸው፣ ልጅ ከብት የሚጠብቅባቸው ናቸው። በአምቦ ልጅና በቡታጅራ ልጅ መካከል አምስት እጥፍ የሚሆን የሥቃይ ልዩነት አለ ብሎ የሚያምን አንባቢ ይኖራል ብለን አናስብም። ልዩነቱ በአመዛኙ የመጣው ከአጠያየቁ ነው።

ባለሙያዎች ለዚህ የሚሰጡት መልስ የታወቀ ነው። በአምቦ ያገለገለው አሥር ጥያቄዎች ብቻ ያሉት አጭር መጠይቅ ሲሆን፣ በቡታጅራ ያገለገለው ወደ አማርኛ የተመለሰ ረጅም የምርመራ ቃለ መጠይቅ ነው። የመጀመሪያው ወንፊት፣ ሁለተኛው ሚዛን ነው፤ ወንፊትና ሚዛን አንድ ቁጥር እንዲሰጡ አይጠበቅም። መልሱ ትክክል ነው። እኛ ግን የምንጠይቀው ከዚህ የሚቀድመውን ነው፤ ወንፊቱ ይዞ የሚያስቀረው የትኛውን ልጅ ነው? ሾልኮ የሚያልፈውስ የትኛው ነው? ይህ ለሐኪሞች ብቻ የሚተው ጥያቄ አይደለም። መጠይቅ ከቃላት የተሠራ ነገር በመሆኑ፣ ስለ ቃላት መመርመር ሙያችን የሆነ ሰዎችም የድርሻችንን ልንናገር ይገባናል። ጉዳዩም ቀላል አይደለም። ባለሙያ የሚሠለጥነው፣ ክፍል የሚሠራው፣ በጀት የሚመደበው ቁጥር በጠቈመበት አቅጣጫ ነውና፣ መጠይቁ ያላየውን ልጅ ሐኪም ቤቱም አያየውም።

ይህን ስንል የጥናቶቹን አዘጋጆች ድካም ለማቃለል አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው በ2003 ነው። ከዚያ በፊት፣ የባለሙያው ቁጥር በጣት በሚቈጠርበት ዘመን፣ እንደ አታላይ ዓለምና ደረጀ ከበደ ያሉ ተመራማሪዎች ጥናቱን ወደ ገጠር ማውረዳቸው ሊመሰገን የሚገባው ሥራ ነው። እነሱ ባይቈጥሩ ኖሮ ዛሬ የምንተቸው ቁጥርም አይኖረንም ነበር።

ወደ አሥሩ ጥያቄዎች እንመለስ። መጠይቁ በዓለም የጤና ድርጅት ጥላ ሥር በልዩ ልዩ ታዳጊ አገሮች የተሠራበት ሲሆን፣ የሚቀርበው ለልጁ ሳይሆን ለአሳዳጊው ነው። ይዘቱ በእኛ አነጋገር ሲገለጽ የሚከተለውን ይመስላል። የልጁ አነጋገር ጉድለት አለበትን? እንቅልፉ ይታወካልን? የሚጥል ሕመም ይይዘዋልን? ራሱን አዘውትሮ ያመዋልን? ከቤት ይጠፋልን? ይሰርቃልን? ያለ በቂ ምክንያት ይፈራልን? ከእኩዮቹ ይልቅ ዘገምተኛ ነውን? ከልጆች ጋር መጫወት አይወድምን? ሽንቱ ወይም ዓይነ ምድሩ ያመልጠዋልን?

ከአሥሩ ስምንቱ በውጭ የሚታዩ፣ ጎረቤትም ሳይቀር ሊመሰክርባቸው የሚችል ነገሮች ናቸው። ራስ ምታት የልጁን ቃል ይጠይቃል፤ ፍርሃት ደግሞ ወደ ውስጥ ለመግባት የሚሞክር ብቸኛው ጥያቄ ነው። ይህንም ጥያቄ «ያለ በቂ ምክንያት» የሚለው ሐረግ ያሰናክለዋል። ምክንያቱ በቂ መሆኑን የሚፈርደው ማን ነው? እናት ናት። ጅብ የሚፈራ እረኛ በቂ ምክንያት አለው። አስተማሪው በአለንጋ የሚገርፈው ተማሪ በቂ ምክንያት አለው። አባቱ ሰክሮ በገባ ቍጥር ከአልጋ ሥር የሚደበቅ ልጅም በቂ ምክንያት አለው፤ እናቱ ከማንም ይበልጥ ታውቀዋለች። ስለዚህ እናት በእውነት ብትመልስ መልሷ «አይደለም፣ ልጄ ያለ ምክንያት አይፈራም» የሚል ይሆናል፤ ልጁም ከጤነኞቹ ጎራ ይቈጠራል። ከኅዳር 2020 እስከ ኅዳር 2022 በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ምድር በተካሄደው ጦርነት ውስጥ ያደጉትን ልጆች በዚህ ጥያቄ ብንመዝናቸው ምን እናገኛለን? ከሁሉ ይልቅ የፈሩት ልጆች ከሁሉ ይልቅ በቂ ምክንያት ያላቸው ናቸውና፣ ቃሉን አጥብቃ የምትይዝ እናት አንዱንም ላታስመዘግብ ትችላለች። መጠይቁ የተጻፈው ፍርሃት ከሰላማዊ ኑሮ ያፈነገጠ ነገር ለሆነበት ቤት ነው።

«ከቤት ይጠፋልን?» የሚለውም እንዲሁ በእኛ አገር ሌላ መልክ አለው። የቆሎ ተማሪ ከቤቱ ጠፍቶ የሄደ ልጅ ነው። በሰባትና በስምንት ዓመቱ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ ከደብር ወደ ደብር እየተዘዋወረ፣ በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ እየለመነ ፊደልና ዜማ የተማረውን ልጅ ሕዝባችን ሲያከብረው ኖሯል። ዛሬም ወደ ከተማ ሄዶ ሊስትሮ የሚሠራውንና ለእናቱ ገንዘብ የሚልከውን ልጅ ቤተሰቡ ጠፋ አይለውም፤ ወጣ ይለዋል። መከራው ግን ከልጁ ጋር ሄዷል፤ መጠይቁ ደግሞ የቀረበው ከቤት ለቀሩት ነው። «ከልጆች ጋር መጫወት አይወድምን?» የሚለውን ከብት ጠባቂው ልጅ እንዴት ይመልሰው? ከጎህ እስከ ማታ ከጥጃ ጋር ብቻውን የሚውል ልጅ መጫወት ይወድድ አይወድድ ማን አይቶት ያውቃል? ውኃ የምትቀዳዋ፣ ታናሽዋን አዝላ የምትውለዋ ልጅም አለመጫወቷ እንደ ቁም ነገር ይቈጠርላታል።

ፍርዳችን አድሏዊ እንዳይሆን አንድ ነገር መጨመር አለብን። የሚጥል ሕመምን የሚመለከተው ጥያቄ ብቻውን መጠይቁን ያስመሰግነዋል። ይህ ሕመም የያዘው ልጅ እሳት ውስጥ ወድቆ የሚቃጠልበት፣ ከትምህርት ቤት የሚባረርበት፣ በቡዳ የሚሳበብበት አገር ነው። እንደ ፌኖባርቢታል ያለ በርካሽ የሚገኝ መድኃኒት ብዙውን ልጅ ሊረዳው ስለሚችል፣ ልጁን ከተደበቀበት ጓዳ ማውጣት ብቻ ትልቅ ነገር ነው። ወንፊቱ ለዚህ ይበጃል። የማይበጀው በውስጡ ለሚቃጠለው ልጅ ነው።

ነገሩ ግን በአሥሩ ጥያቄዎች ብቻ የሚያበቃ አይደለም፤ ጥያቄዎቹ ከእኛ ከራሳችን ልማድ ጋር እጅና ጓንት ሆነው ተገኝተዋል። ልጅን ለመንቀፍ ያሉንን የአማርኛ ቃላት እንመልከት። ቀበጥ፣ ቅብጥብጥ፣ ዐመለኛ፣ ለፍላፊ፣ አስቸጋሪ፣ ባለጌ እንላለን። ሁሉም የእንቅስቃሴና የድምፅ ቃላት ናቸው። ለማመስገን ያሉን ቃላት ደግሞ ጨዋ፣ ጭምት፣ ዝምተኛ፣ ዓይን አፋር፣ አንገቱን የደፋ የሚሉት ናቸው። «አንገት ደፊ አገር አጥፊ» የሚል ተረት መኖሩን አንዘነጋም፤ ነገር ግን እሱም ቢሆን ዝም ያለውን ሰው በተንኰል የሚጠረጥር ነው እንጂ ታሞ ይሆን ወይ ብሎ የሚጠይቅ አይደለም። በዝምታ የሚጎዳውን ልጅ ለማመልከት የሚቀርበን ቃል «ሆደ ባሻ» የሚለው ብቻ ይመስለናል፤ ይህም ቢሆን ከኀዘኔታ ይልቅ ወቀሳ ያመዝንበታል። ሆደ ባሻ የተባለ ልጅ የሚሰጠው ምክር ጠንከር በል የሚል ነው። ዝም አይነቅዝም፤ ሆድ ይፍጀው። ስለዚህ መጠይቁ የሚረብሸውን ልጅ ፈልጎ ሲመጣ፣ እኛም የምንጠቁመው የሚረብሸውን ልጅ ይሆናል። ጠያቂና ተጠያቂ ሳይነጋገሩ ተስማምተዋል።

የአማርኛ ልብ ወለድ ከመጠይቁ ይልቅ ይህን ልጅ ያውቀዋል። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚነበበው እንደ ፍቅርና እንደ መደብ ታሪክ ነው። በዛብህን ግን እንደ ልጅ ብናየው፣ ወላጆቹ በስዕለት ለቤተ ክርስቲያን የሰጡት፣ ስእለቱን የተሳለው ሌላ ሆኖ ዕዳውን የሚከፍለው እሱ የሆነ፣ ይህንም ለማንም መናገር የማይችል ወጣት ነው። ታዛዥ ነው፤ ትምህርቱ ያስደንቃል፤ አሳዳጊ ቢጠየቅ አንድም የሚያስነቅፍ ነገር አይናገርበትም። ከአሥሩ ጥያቄዎች በየትኛው ይያዝ ነበር? ደራሲው ለዚህ ልጅ ውስጣዊ ሙግት ገጽ በገጽ ላይ የሰጠው፣ ሌላ የሚሰማው ሰው በታሪኩ ውስጥ ስላልነበረ ይመስለናል። ሐያስያን በፍቅሩ ላይ ብዙ ሲሉ በስእለቱ ላይ ጥቂት ማለታቸውን በዚሁ አጋጣሚ ጠቁመን እናልፋለን።

ወደ ቃላቱ ስንመለስ፣ ትርጉም የሚባለው ሥራ ምን ያህል ወጥመድ እንዳለበት ቀደም ብሎ የታየ ነው። በኢትዮጵያ የሠራው ሆላንዳዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ፍራንክ ኮርትማን በ1988 ከሥራ ጓደኛው ጋር፣ በ1990 ደግሞ ብቻውን ባሳተማቸው ጽሑፎች፣ ለአዋቂዎች የተዘጋጀውን ሃያ ጥያቄ ያለውን መጠይቅ በኢትዮጵያውያን መላሾች ዘንድ ፈትሾታል። ያገኘውም መላሾች ጥያቄዎቹን አዘጋጆቹ ካሰቡት በተለየ መንገድ እንደሚረዱና፣ መልሳቸውም እርዳታ ይገኝበታል ከሚል ተስፋ ጋር እንደሚያያዝ ነው። አዋቂው እንዲህ ከሆነ ልጁ ወይም ስለ ልጁ የሚመልሰው ሰው እንዴት ይሆናል? ይህ ሂስ ከወጣ ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በላይ ቢያልፉም፣ በልጆች መጠይቅ ላይ የሚገባውን ያህል ተከታይ አላገኘም።

አንድ ቀላል ምሳሌ እንውሰድ። ሐኪሞቻችን ለረጅም ጊዜ «ድብርት» ሲሉ የኖሩትን አሁን አሁን «ድባቴ» ማለት ጀምረዋል። የአዲስ አበባ ወጣት «ደበረኝ» ሲል ግን ሰለቸኝ፣ አልወደድኩትም ማለቱ ነው፤ ፊልም ይደብረዋል፣ ቀጠሮ ይደብረዋል፣ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ይደብረዋል። «ይደብርሃልን?» ተብሎ ቢጠየቅ አዎን ማለቱ የማይቀር ነው። «ጭንቀት»ም እንዲሁ ምጥንም፣ የፈተና ሰሞንንም፣ የኑሮ ውድነትንም በአንድነት የሚያቅፍ ሰፊ ቃል ሆኗል። በአንጻሩ ሕዝቡ ራሱ ለውስጥ ሕመም የሚጠቀምበት ንግግር ሆድና ልብ ላይ የተመሠረተ ነው። ሆድ ይብሰዋል፤ ልብ ይሰበራል፤ አንጀት ይላወሳል። «ሆዴን ባር ባር አለኝ» የሚለው አነጋገር ባዶነትን፣ ናፍቆትንና ስም የሌለውን ሥጋት በአንድ እስትንፋስ የሚገልጽ ነው። መጠይቆቻችን ከሌላ ቋንቋ ቃል ተነሥተው አቻ ሲፈልጉ ኖሩ እንጂ፣ ከዚህ ንግግር ተነሥተው ጥያቄ ሲሠሩ አላየንም። የቡታጅራ አካባቢ ነዋሪ አፉን የፈታው በመስቃንኛ ወይም በስልጥኛ፣ የአምቦው በኦሮምኛ መሆኑ ሲታሰብ ደግሞ ችግሩ እጥፍ ይሆናል፤ ስለ እነዚያ ቋንቋዎች የሚናገሩት ተናጋሪዎቻቸው ቢሆኑ ይሻላል።

በ2006 ዳንኤል ፈቃዱና ባልደረቦቹ በአዲስ አበባ ስለሚሠሩ ልጆች ያሳተሙት ጥናት ከዚህ ሁሉ መካከል የተለየ ቦታ ይገባዋል። በሥራ ላይ ከተሠማሩት ልጆች ከመቶ 20.1፣ ከማይሠሩት ከመቶ 12.5 የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለባቸው አገኙ። መሣሪያው በቡታጅራ ካገለገለው የተለየ አይደለም፤ ሆኖም በማይሠሩት የከተማ ልጆች ዘንድ እንኳ የተገኘው ቁጥር ከቡታጅራው ከሦስት እጥፍ ይበልጣል። ከተማና ገጠር አንድ አይደሉም፤ ከዚህ ልዩነት የተወሰነው እውነተኛ ሊሆን ይችላል። እኛ ግን ከጥናቱ የምናምነው በሁለቱ ቡድኖች መካከል ያለውን ርቀት ነው፤ በአንድ እጅ፣ በአንድ አጠያየቅ የተለካ ነውና። ሸክም የሚሸከም፣ በሰው ቤት የሚያገለግል ልጅ የበለጠ ይታመማል። ይህ ለማንም አስተዳዳሪ የሚበቃ ግልጽ ነገር ነው፤ የመቶኛውን ትክክለኛነት መጠበቅ አያስፈልገውም ነበር።

አገልግሎቱስ? በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሆኖ ኖረ፤ ስሙም በሕዝብ አፍ ከሐኪም ቤትነት ይልቅ እንደ ስድብ ሲያገለግል ቈየ። ልጇን እዚያ የምትወስድ እናት የመጨረሻው ደረጃ ላይ የደረሰች ናት፤ ልጁ ልብሱን ሲጥል፣ ሰው ሲማታ ነው። ለልጆች ብቻ የተለዩት ክፍሎች ዛሬም ጥቂቶችና በአብዛኛው በአዲስ አበባ የተወሰኑ ናቸው። ኢትዮጵያ በ2010 የዓለም የጤና ድርጅትን መመሪያ ተቀብላ የጤና ጣቢያ ሠራተኞችን ማሠልጠን ጀመረች፤ በ2012ም ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስልት አወጣች። ተገቢ እርምጃዎች ናቸው። ይሁን እንጂ በዚያ የ2010 መመሪያ ለልጆች የተለዩት ሁለት ምዕራፎች አንደኛው የእድገት መዘግየትን፣ ሁለተኛው የጠባይ መታወክን የሚመለከቱ ነበሩ። የልጆች የስሜት መታወክ፣ ይኸውም ኀዘናቸውና ፍርሃታቸው፣ በልጆች ምዕራፍ ውስጥ ስፍራ ያገኘው በ2016 በተሻሻለው እትም ነው። እንግዲህ የማይረብሸው ልጅ የተረሳው በእኛ ዘንድ ብቻ አልነበረም።

የሚታይ ችግር ተከራካሪ ሲያገኝ ምን እንደሚሆን ማየት የሚፈልግ የኦቲዝምን ታሪክ ይመልከት። ዘሚ የኑስ ልጇን ይዛ ወደ አደባባይ በመውጣት በ2002 የጆይ ማዕከልን አቋቋመች፤ በ2021 እስካረፈችበት ጊዜ ድረስም እርግማን ነው ሲባል የነበረውን ነገር ስም ሰጥታ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ስታስተምር ኖረች። ዛሬ «ኦቲዝም» የሚለውን ቃል የማያውቅ የከተማ ሰው ጥቂት ነው። በክፍሉ መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጣ ቀኑን ሙሉ የማትናገር፣ ፈተናዋን የምታልፍ፣ ማታ ማታ መሞትን የምታስብ ተማሪ ግን እንዲህ ያለ ጠበቃ የላትም። እናቷም ብትሆን የምትከራከርበት ምክንያት አላየችም፤ ልጄ ጨዋ ናት ትላለች።

በዚህ ላይ፣ ይህ ሁሉ የነጮች በሽታ ነው፣ እኛ ዘመድ አለን፣ ንስሐ አባት አለን፣ ጸበል አለን የሚሉ ወገኖች አሉ። ክርክሩን ከሥሩ አንንቀውም። ሮበርት ጊልና ባልደረቦቹ በ1968 ስለ ግዮን ባሳተሙት ጽሑፍ የባህሉን ፈውስ ከሐኪም ዓይን በትሕትና እንዳዩት፣ በጸበል ቦታ የታመመ ሰው ብቻውን አይደለም፤ አስታማሚ አለው፤ እንደ እሱ ያሉ ብዙዎችን ያያል፤ የመዳን ተስፋ ይሰማል። ይህ በብዙ ዘመናዊ ክፍል ውስጥ የማይገኝ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ልጅ ወደዚያ የሚወሰደው መቼ ነው? ሲጮኽ፣ ሲወድቅ፣ ሲሳደብ ነው። በዚያም ቢሆን ተናገር እየተባለ የሚጠየቀው መንፈሱ ነው፤ ከየት እንደ መጣ፣ መቼ እንደ ያዘ፣ ምን እንደሚፈልግ ይጠየቃል፤ ልጁን ግን የሚጠይቀው የለም። ይህን የምንለው እምነትን ለመንካት ሳይሆን፣ አጥማቂውና መጠይቁ በዚህ አንድ ነጥብ ላይ መገናኘታቸው ስላስገረመን ነው። ስለ ዘመድም ቢሆን፣ የሚባለው ሰፊ ቤተሰብ ዛሬ በብዙ ቤት ተበትኗል። እናቱ በቤይሩት ወይም በሪያድ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ከአያቱ ጋር ያድጋል። ጠያቂ ቢመጣ የምትመልሰው አያቱ ናት፤ እሷም ልጁ መብላቱንና መማሩን ታውቃለች፤ ከእናቱ ጋር በስልክ ከተነጋገረ በኋላ ለምን ጓዳ ገብቶ እንደሚቀመጥ ግን ላትጠይቅ ትችላለች።

በስደት ላይ ላለነው ነገሩ ሌላ ገጽታ አለው። በአሜሪካ የሕክምና ልማድ ልጁ ራሱ ይጠየቃል። በ2022 የአገሪቱ የመከላከያ ሕክምና ግብረ ኃይል ከ8 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች የጭንቀት፣ ከ12 እስከ 18 ላሉት ደግሞ የድባቴ መለያ ጥያቄ እንዲቀርብ መክሯል። ስለዚህ የእኛ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ለተራ ምርመራ በሄደችበት ሁሉ ወረቀት ይሰጣታል፤ ራስሽን ለመጉዳት አስበሻልን የሚለውንም በእንግሊዝኛ ታነባለች። እናቷ አጠገቧ ተቀምጣለች። ወረቀቱን አታነበውም፤ የልጅዋን እጅ ግን ታያለች። ልጅቷ የምትሞላው ዜሮ ነው። ሐኪሙ «እናት ለጥቂት ደቂቃ ይውጡልን» ቢል ነገሩ የባሰ ይሆናል፤ ከልጄ የሚደበቅብኝ ምን ነገር አለ? መንግሥት ልጄን ሊወስድብኝ ይሆን? የሚል ሥጋት ይነሣል። ይህ ሥጋት መሠረት የለውም ብለን አንሳለቅበትም፤ አስተማሪና ሐኪም የሚጠረጥሩትን እንዲያስታውቁ ሕግ የሚያስገድድበት አገር ነውና፣ ሕጉን በወሬ ብቻ የምታውቅ እናት ብትፈራ አይፈረድባትም።

ከዚህ የከፋው ግን ልጁ ራሱ አስተርጓሚ የሚሆንበት ሁኔታ ነው። በምንኖርበት ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ስለ ራሱ በተጠራ ስብሰባ ላይ አማካሪዋ ለወላጆቹ የምትለውን ሲተረጕም አይተናል። አማካሪዋ ልጁ ብቻውን እንደሚውልና ምሳውን እንደማይበላ ለረጅም ጊዜ ተናገረች። ልጁ ወደ አባቱ ዞሮ «እንግሊዝኛ ማንበብ ላይ ትንሽ ይቀረዋል አለች» አለ። አባትም አመስግኖ፣ እንደሚያስጠናው ቃል ገብቶ ተነሣ። ልጁን ውሸታም ማለት ቀላል ነው፤ ነገር ግን ለእናንተ ብለን ነው የተሰደድነው ሲባል ያደገ ልጅ፣ ተከፍቻለሁ የሚለውን ዜና በገዛ አፉ ለአባቱ እንዲያደርስ መጠየቁ ነው የሚያሳፍረው። በ1964 የወጣው የዜጎች መብት ሕግ በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደር ተቋም ማንንም በትውልድ አገሩ ምክንያት እንዳይለይ የከለከለ ሲሆን፣ የቋንቋ እርዳታ ግዴታም ከዚህ የመነጨ ነው። በ2016 የወጣው የጤና ደንብም ከአስቸኳይ አደጋ በቀር ሕፃናትን አስተርጓሚ ማድረግን ከልክሏል። ሕጉ አለ። የማኅበረሰብ ማኅበሮቻችን የአዲስ ዓመት በዓል ለማዘጋጀት የሚያውሉትን ጉልበት እሩብ ያህል፣ ወላጅ አስተርጓሚ ልጠይቅ ማለት እንደሚችል ለማስተማር ቢያውሉት ብዙ ነገር ይለወጥ ነበር።

ሌላም አለ። በስደት ያደገው ልጅ የሚያውቀው አማርኛ የማዕድ ቤት አማርኛ ነው፤ ና፣ ብላ፣ ተኛ፣ ጫማህን አውልቅ። የወላጆቹ እንግሊዝኛ ደግሞ የሥራ ቦታ እንግሊዝኛ ነው። ስለ ውስጥ ሕመም የሚነጋገሩበት የጋራ ቋንቋ የላቸውም። ልጁ በእንግሊዝኛ «ዲፕረስድ ነኝ» ሲል እናቱ የምትሰማው እብደትን ነው፤ አማኑኤልን ነው የምታስበው። እሷ ራሷ ግን የስደትዋን የመጀመሪያ ክረምት በመስኮት በረዶውን እያየች ስታሳልፍ ሆዷን ባር ባር ሲላት ከርሟል። ቃሉ በቤቱ ውስጥ አለ፤ ለልጁ አላስተላለፈችውም እንጂ። የቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ቤቶቻችን ፊደልንና የነገሥታትን ስም ለማስተማር የሚደክሙትን ያህል፣ እንዲህ ያሉትን አነጋገሮች ቢያስተምሩ ለልጁም ለእናቱም መንገድ ይከፈትላቸዋል።

በምሁራኑ በኩል የሚቀረው ሥራ የተሰወረ አይደለም። እስካሁን የጠቀስናቸው የመስክ ጥናቶች የታተሙት በእንግሊዝኛ ነው፤ መልስ የሰጡት እናቶችና አስተማሪዎች ውጤቱን የሚያነቡበት ገጽ አላገኙም። የሥነ ልሳን ሰዎች ከሐኪሞች ጋር ተቀምጠው፣ ልጆች በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሌሎችም ቋንቋዎች ስለ ኀዘናቸው የሚናገሩትን በድምፅ ቀርጸው ቢሰበስቡ፣ ጥያቄዎቹም ከዚያ ቢሠሩ፣ ወንፊቱ ሌላ ዓይነት ዓይን ይኖረዋል። ከስምንት ዓመት ወዲያ ያለ ልጅ ስለ ራሱ ሊጠየቅ ይችላል፤ የአሳዳጊው ምስክርነት ከልጁ ቃል ጋር ጎን ለጎን ይቀመጥ እንጂ አይተካው። ይህ እስኪሆን ድረስ ግን ነገ ሊሠራ የሚችል አንድ ቀላል እርማት አለ። «ያለ በቂ ምክንያት» የሚለው ሐረግ ከልጆች መጠይቅ ይውጣ፤ በምትኩም ጠያቂው ልጁን ለብቻው አስቀምጦ «ምን ያስፈራሃል?» ይበለውና መልሱን ሳያሳጥር በልጁ ቃል ይጻፈው።